ፀሐይ የሞቀው ገንዳ፣ ሰዓት የቆጠረው ቢል

(በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ የተስተካከለ።)

አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪደርስ ድረስ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ቡናው ከመጣ ማንም እንደማይሰማኝ ስለማውቅ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ።

ሥራዬን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የሰው ጓሮ እየዞርኩ የዋና ገንዳ ፓምፕና ፊልተር እጠግናለሁ፣ ጣራ ላይ እየወጣሁ የፀሐይ ማሞቂያ እገጥማለሁ። ዛሬ ስለዚሁ ማሞቂያና ስለ መብራት ታሪፍ አውራ ሲሉኝ "ገንዳ ያለው ስንት ሰው ይመጣል?" ብዬ ነበር። እጃችሁን ስትቆጥሩ ግን አሥራ ምናምን ሆናችሁ። ተመስገን ነው፤ ሶደሬ ለመዋኘት አውቶቡስ የምንሳፈር ሰዎች ነበርን እኮ! እዚያ ደግሞ ውሃውን የሚያሞቀው መሬቱ ራሱ ነው፤ ቢል አይመጣም።

በጋ ላይ አንድ አባት ደወሉልኝ። ጋሼ ብቻ እንበላቸው። ቤቱን ሲገዙት ገንዳው አብሮ የመጣ ነው፤ እሳቸው እግራቸውንም አይነክሩበትም፣ የሚንጫጩበት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። "ልጄ፣ ጣራው ላይ ያለው ነገር ሞቷል" አሉኝ። "ውሃው በረዶ ነው፤ የመብራቱ ቢል ደግሞ እሳት።"

ሄድኩ። ጊዜው ቀትር ነበር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። መሰላል ዘርግቼ ወጣሁና ጥቁሩን ፓኔል በእጄ ነካሁት፤ አቃጠለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ይህን የምትይዙት ከሆነ ቴክኒሻን ሳትጠሩ ግማሹን ችግር ታውቃላችሁ። ውሃ የሚያልፍበት የገንዳ ማሞቂያ ፓኔል በቀትር ሲነካ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም፤ ሙቀቱን ውሃው እየወሰደ ይሄዳላ። እጅ ካቃጠለ ውስጡ ደረቅ ነው። ፓኔሉ አልሞተም ማለት ነው፣ ውሃ የሚያመጣለት አጥቶ ነው።

ወረድኩና የፓምፑን ታይመር ሳጥን ከፈትኩ። ክብ ሰዓት ያለው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርስ የሚታሰርበት፣ የድሮው ዓይነት ነው። የማጥፊያው ጥርስ ከጠዋቱ አሥር ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የማስነሻው ከቀኑ ሦስት ላይ ታስሯል፤ ሌላ ማጥፊያ ደግሞ ከማታው ዘጠኝ ላይ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተካከለው?"

"እኔ ነኝ። ልጄ ከሲያትል ደውሎ ያለኝን ነው ያደረግሁት።"

"ምን አለዎት?"

"አባባ፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ መብራት ውድ ነው፣ ፓምፑን እንዳታስነሳ አለኝ።"

(ሳቅ)

ገባችሁ አይደል? ልጁ እዚህ ነው ያደገው፤ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሲል ከሰዓት በኋላ ካለው አራት እስከ ማታው ዘጠኝ ማለቱ ነው። አባት ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ የተሰቀለው ሰዓት እንኳ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ አራት ሰዓት ማለት ለሳቸው ረፋድ ነው። እና ፀሐይዋ አናት ላይ ባለችበት ሰዓት ሁሉ ፓምፑ ይተኛል። ልክ ዋጋው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ይነሣና እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ያጓራል። የቤታቸው ጣራ ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ በኋላ ፀሐይዋ ትታው ትሄዳለች። ርካሹን ሰዓት ከነፀሐዩ ዘግተው ውዱን ሰዓት ከነጥላው ከፈቱት።

ከዚህ በኋላ የምጠራው ሰዓት ሁሉ በአገራችን ነው። ለፈረንጁ ሰዓት ስትፈልጉ ስድስት ደምሩ ወይ ቀንሱ።

እስቲ መጀመሪያ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፤ አጭር ነው። ሁለት ዓይነት ፓኔል አለ፣ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አንዱ መብራት የሚያመነጨው ነው። ሌላው እኔ የምለው ጥቁሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ሆኖ በውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት፣ መስታወት የሌለበት፣ ከሩቅ ሲያዩት የተነጠፈ ሰሌን የሚመስል። የገንዳው ፓምፕ ውሃውን ከፊልተር አውጥቶ ወደ ጣራ ይገፋዋል፣ ውሃው በቱቦዎቹ ውስጥ አልፎ ሞቅ ብሎ ወደ ገንዳ ይመለሳል። አንድ ሴንሰር ጣራ ላይ፣ አንድ ሴንሰር የገንዳው ቧንቧ ላይ አለ፤ ጣራው ከውሃው በደንብ ከሞቀ መቆጣጠሪያው ቫልቩን ያዞርና ውሃውን ወደ ላይ ይልከዋል፣ ካልሞቀ እታች ያስቀረዋል። ይህ መቆጣጠሪያ ብልህ ነው፣ ግን ታይመሩ ፓምፑን ካጠፋው ምን ያደርጋል? በር ተቆልፎበት እንደቀረ እንግዳ ነው የሚሆነው።

ስፋቱን ለሚጠይቁኝ፣ የፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መነሻ አለ፤ የፓኔሉ ስፋት ከገንዳው ወለል ከግማሽ እስከ እኩል ይሁን ይላል። ነፋስና ጭጋግ ባለበት በእኛ በኩል ወደ እኩሉ ብትጠጉ ይሻላል። በደንብ የተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1996 አትላንታ፣ ፋጡማ ማራቶኑን ኃይሌ 10 ሺውን ባሸነፉበት ኦሎምፒክ፣ የዋና ውድድሩ ገንዳ ጣራው ላይ የመብራትም የውሃ ማሞቂያም ፓኔል ነበረው። እኛ ዓይናችን ሩጫው ላይ ስለነበር ማን ያየዋል!

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ጋሼ ፓምፑን በቀትር ማጥፋታቸው ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ስህተት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የዚህ አካባቢ መብራት አቅራቢ ፒጂ ኤንድ ኢ፣ ኢ-7 የሚባል በሰዓት የሚቆጠር ታሪፍ ነበረው፤ ውዱ ሰዓት በሥራ ቀን ከቀኑ ስድስት እስከ አሥራ ሁለት ነበር። ቀን ቀን ፋብሪካው፣ ቢሮው፣ የሁሉም ቤት ኤሲ አንድ ላይ ስለሚጎትት መብራት የሚወደደው በጠራራ ፀሐይ ነበር። ስለዚህ እኛ የድሮ ቴክኒሻኖች ለሰው የምንነግረው "ፓምፑን ሌሊት አስነሱት" ብለን ነው። ገንዳውን በፀሐይ ለሚያሞቅ ሰው ግን ይሄ ጣጣ ነበር፤ ሌሊት ካስነሣው ፀሐይ የለም፣ ቀን ካስነሣው በውዱ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ነፃ ሆና፣ ውሃውን ወደ ፀሐይዋ የሚያደርሰው ፓምፕ ግን በቀኑ እጅግ ውድ ሰዓት ይሄዳል። ሒሳቡ ስለማይገጥም ማሞቂያ ሳይገጥሙ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ትክክል ነበሩ።

ከዚያ በየጣራው፣ በየበረሃው የመብራት ፓኔል በዛ። ቀን መብራት ተትረፈረፈ። ማታ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደግሞ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ ኤሲ ይለኩሳል፣ ምጣድ ይጥዳል፣ መኪናውን ይሰካል። የካሊፎርኒያን የመብራት መረብ የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2013 ይህን በሥዕል አወጣው፤ ቀን ላይ ሆዷ የተዘረጠጠ፣ ማታ ላይ አንገቷ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ዳክዬ ስለሚመስል የዳክዬ ሥዕል ተባለ። ታሪፉ ዳክዬዋን ተከትሎ ሄደ። በ2021 እና በ2022 አብዛኛው የፒጂ ኤንድ ኢ ደንበኛ፣ ካልመረጠ በቀር፣ ኢ-ቲኦዩ-ሲ ወደሚባል ታሪፍ ተዛወረ፤ ውዱ ሰዓት በየቀኑ፣ እሑድን ጨምሮ፣ ከቀኑ አሥር እስከ ምሽቱ ሦስት ሆነ። ፀሐይዋ ጠንካራ የሆነችበት ሰዓት ከውድነት ወደ ርካሽነት ተገለበጠ። የፀሐይ ማሞቂያና የመብራት ታሪፍ ሃያ ዓመት ተኳርፈው ኖረው ታረቁ ማለት ነው፤ አስታራቂዋ ዳክዬ ናት።

የሚያሳዝነው ሰዓቱ ቢዞርም የሰው ታይመር አልዞረም። ዛሬም ጓሮ ስገባ ከሌሊቱ አምስት ላይ የሚነሣ ፓምፕ፣ ጣራ ላይ ደግሞ ተገጥሞ ውሃ ቀምሶ የማያውቅ ማሞቂያ አገኛለሁ። "ሌሊት ርካሽ ነው ብሎ አንድ ሰው ነግሮኝ" ይሉኛል። ያ አንድ ሰው ምናልባት እኔ ነኝ።

ቁጥር እንያዝ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለስሌት እንዲመቸን የተጠጋጋ ነው የምጠቀመው፤ እናንተ የራሳችሁን ቢል አውጥታችሁ ተኩበት።

ጋሼ ልጃቸው ትቶላቸው የሄደው የኤሌክትሪክ መኪና ስላለ ኢቪ2-ኤ በሚባለው ታሪፍ ላይ ናቸው። እሱ ሦስት ዋጋ አለው። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ርካሹ፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 35 ሳንቲም እንበል። ከቀኑ አሥር እስከ ምሽቱ ሦስት ውዱ፤ በበጋ 60 ሳንቲም እንበል። በሁለቱ መካከል ያለችው ከዘጠኝ እስከ አሥር ያለችው ሰዓት፣ እንዲሁም ከምሽቱ ሦስት እስከ ሌሊቱ ስድስት፣ መካከለኛው ናቸው፤ 50 እንበል። የጋሼ ፓምፕ ባለ አንድ ፍጥነት ነው፣ 1.8 ኪሎዋት ይበላል። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሲያጓራ አንዷ ሰዓት በ50፣ አምስቱ ሰዓት በ60 ናቸው። በቀን 6 ዶላር ከ30 ሳንቲም፣ በወር 189 ዶላር። ለፓምፕ ብቻ! ውሃውም በረዶ።

ምን አደረግሁ? ጥርሶቹን ፈትቼ ገለበጥኳቸው። "ጋሼ፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ይሂድ። በእርስዎ ሰዓት።" ልጃቸው አታስነሳ ያላቸው ሰዓት፣ በአባትየው አቆጣጠር፣ ማስነሳት ያለባቸው ሰዓት ሆኖ አረፈው። አምስት ሰዓት፣ በ1.8 ኪሎዋት፣ በ35 ሳንቲም፤ በቀን 3 ዶላር ከ15፣ በወር 94 ዶላር ከ50። ልክ ግማሽ። አንድ ዕቃ አልተገዛም፣ ጣቴ ብቻ ነው የቆሸሸው።

ዕቃ መግዛት የሚያዋጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፣ እሱም ፓምፑ ላይ። ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ፓምፕ አለ። የፓምፕ ሕግ ከአማርኛ ተረት ይልቅ ይገርማል፤ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱ የሚበላው ኃይል በግማሽ አይቀንስም፣ ከስምንት ወደ አንድ እጅ ነው የሚወርደው። በእርግጥ ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በሥራ ላይ ሞተሩም ቧንቧውም የራሳቸውን ድርሻ ስለሚወስዱ ያን ያህል አይወርድም። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ ቀድማ፣ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት፣ ለአዳዲስ የገንዳ ፓምፖች የቁጠባ መለኪያ አወጡ፤ ትልልቆቹ ባለ አንድ ፍጥነት ፓምፖች በዚያው ከገበያ ወጡ ማለት ይቻላል።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ሰው ቁጠባ ብሎ ፍጥነቱን በጣም ያወርደውና ማሞቂያውን ይገድለዋል። ውሃው ጣራ ድረስ ለመውጣት መጀመሪያ ኃይል ይፈልጋል። ለጥቂት ደቂቃ በከፍተኛ ፍጥነት አስነሡት። ቧንቧው ከሞላ በኋላ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ የሚወጣውን ስለሚስበው ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከመጠን በላይ ካወረዳችሁት ጣራው ላይ ያለችው የአየር ቫልቭ አየር መሳብ ትጀምራለች፤ ገንዳው ውስጥ እንደ ጠጅ አረፋ ሲንቆረቆር ታያላችሁ። ያ አረፋ "ትንሽ ጨምርልኝ" ማለት ነው። አብዛኛው ባለ አንድ ፎቅ ቤት 0.6 ኪሎዋት አካባቢ ላይ ይስማማዋል። ለጋሼ ብናሰላው አምስት ሰዓት በ0.6፤ 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም በቀን። በወር 31 ዶላር ከ50። ከ189 ተነሥተን!

በዚያ ዶላር ምን ተገኘ? 15 በ30 ጫማ የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 5 ጫማ የሆነ ገንዳ 17 ሺህ ጋሎን ገደማ ይይዛል። ያን ውሃ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ 140 ሺህ ቢቲዩ ይጠይቃል፤ ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው። 400 ካሬ ጫማ ጥቁር ፓኔል ካለ፣ ፀሐይዋ ደህና በሆነችበት የበጋ ቀን በእነዚያ አምስት ሰዓታት 320 ሺህ ቢቲዩ ይሰጣል ብዬ በልምዴ እገምታለሁ፤ ሁለት ዲግሪ ከምናምን። ይህንኑ በጋዝ ማሞቂያ ላግኝ ብትሉ፣ ማሞቂያው ከመቶ 80 ቢጠቀም፣ 4 ተርም ጋዝ ነው፣ ተርም ማለት ጋዝ የሚቆጠርበት 100 ሺህ ቢቲዩ ነው፤ ተርሙን 2 ዶላር ከ50 ብንይዘው 10 ዶላር። በሂት ፓምፕ፣ ማለት ከአየሩ ሙቀት እየሳበ ውሃውን በሚያሞቀው የመብራት ዕቃ፣ አንድ ኪሎዋት በልቶ አምስት የሚሰጥ ጥሩ ሂት ፓምፕ ቢሆን፣ በርካሹ ሰዓት 6 ዶላር ከ60፤ ተሳስታችሁ በውዱ ሰዓት ካስነሣችሁት ከ11 ዶላር በላይ፣ ከጋዙም ይብሳል። በፀሐይ 1 ዶላር ከ5። እሱም ቢሆን ፓምፑ ውሃውን ለማጣራት የግድ መሄድ ስላለበት፣ ማሞቂያው ኖረም አልኖረም ትከፍሉት የነበረ ነው።

ይህን ሁሉ ሙቀት ሰብስባችሁ ገንዳውን ሳትሸፍኑ ካደራችሁ ግን... እህቶቼ፣ አክንባሎ ሳይደፋ እንጀራ ይበስላል? የገንዳ ሙቀት 70 ከመቶ የሚሆነው የሚጠፋው በትነት ነው፤ ፊቱ ላይ፣ ማታ ማታ፣ በነፋስ። መሸፈኛ ላስቲኩ የማሞቂያን ወጪ ከ50 እስከ 70 ከመቶ ይቀንሳል፣ ይህም የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ነው። ከታሪፍ አንፃር ስታዩት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቀን በርካሹ ሰዓት ያጠራቀማችሁትን ሙቀት ውዱን ሰዓት ተሻግሮ እስከ ነገ ያቆየዋል። ሰው ለባትሪ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ዶላር ያወጣል፤ 17 ሺህ ጋሎን ውሃ ጓሮው ውስጥ ተቀምጦ፣ ክዳኑን ብቻ አጥቶ። ልጆቹ ካልሸፈኑት ዋና የለም በሏቸው። የኔ ቤት ሕግ ይሄ ነው፣ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ መሸፈኛው ግማሽ ተገልጦ ሕፃን አጠገቡ እንዳይሆን። ሥሩ የገባ ልጅ አይታይም።

አሁን ጣራቸው ላይ የመብራት ፓኔል ላላቸው። እዚህ ጋ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። "ጥቁሩን ምንጣፍ ትቼ የመብራት ፓኔል ልጨምርና ገንዳውን በሂት ፓምፕ ላሙቅ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ሞኝነት አይደለም። የመብራት ፓኔል ከሚያርፍበት ፀሐይ 20 ከመቶ ገደማ ነው ወደ መብራት የሚለውጠው፤ ሂት ፓምፑ ያን በአምስት ካባዛው፣ በጣራ ስፋት ከጥቁሩ ጋር ይወዳደራል፣ በክረምት ደግሞ ይበልጣል። ጥቁሩ መስታወት ስለሌለው በቀዝቃዛ ነፋስ ቀን ይሰንፋል።

መልሱ ያለው መቼ እንዳስገጠማችሁ ነው። ከኤፕሪል 15፣ 2023 በፊት ያመለከተ ሰው በድሮው ደንብ ነው፤ ቀን የላከው መብራት በዚያው ሰዓት ከሚገዛው ጋር ተቀራራቢ በሆነ ዋጋ ይታሰብለታል፣ ለ20 ዓመት። ለሱ መረቡ እንደ ጎተራ ነው፤ ያስገባል፣ ያወጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያመለከተ ግን በአዲሱ ደንብ ቀን የሚልከው መብራት በአማካይ ሦስት አራተኛ ዋጋው ወርዶበታል። በጠራራ ፀሐይ በጥቂት ሳንቲም ሸጦ ማታ በ60 ይገዛል። ለዚህ ሰው የኔ ምክር አንድ ነው፤ ያበቀልከውን እዚያው ቤትህ ብላው። የገንዳው ፓምፕ፣ ሂት ፓምፑ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ሁሉም ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሂድ። የድሮው ደንብ ያለው ሰው ተቃራኒውን ቢያደርግ እንኳ የአዲሱን ያህል አይጎዳም። ጎረቤታችሁ ያደረገውን ሳታጣሩ እንዳትከተሉ የምለው ለዚህ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ጣራ ጎን ለጎን ሆኖ ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለው።

በተረፈ ሻጭ መጥቶ "የገንዳ ማሞቂያውን 30 ከመቶ መንግሥት ይመልስልሃል" ቢላችሁ በሩን በትሕትና ዝጉ። ያ የፌዴራል የታክስ ቅናሽ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜም ሕጉ የዋና ገንዳ ማሞቂያን በግልጽ አስቀርቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚወጣ ወጪ ራሱ ቅናሹም ቀርቷል። አንድ ቤተሰብ በዚህ ተታሎ ፈርሞ አግኝቻለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እነሱ ያውቁታል።

አሪዞና ዘመድ ላላችሁ አንድ ነገር ላክልና ጥያቄ እቀበላለሁ። እዚያ ሌላ ዓይነት ቆጠራ አለ። ፊኒክስ አካባቢ ካሉት አንዱ አቅራቢ፣ ኤስአርፒ፣ በ2015 ለአዳዲስ ባለ ሶላር ደንበኞች ያመጣው ታሪፍ ምን ያህል እንደተጠቀማችሁ ብቻ ሳይሆን በውዱ ሰዓት ውስጥ በአንድ ግማሽ ሰዓት በአንዴ ምን ያህል እንደጎተታችሁም ይቆጥራል። ፓምፑ፣ ኤሲው፣ ምጣዱ ለአንድ ግማሽ ሰዓት አብረው ከተነሡ ወሩን ሙሉ ትከፍሉበታላችሁ። አንድ ማታ ድግስ፣ የወር ዕዳ። ደግሞ እዚያ በኦገስት ገንዳው ራሱ ሾርባ ይሆናል፤ ያኔ ያው ጥቁሩን ፓኔል ሌሊት አስነሡት፣ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየበተነ ውሃውን ያቀዘቅዝላችኋል። ለሌሊት ፓምፕ የቀረው ሥራ ይሄ ነው።

እሺ፣ ጥያቄ።

(አንድ ተሳታፊ፦ የኔ ጣራ ወደ ምዕራብ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ ገና ፀሐይ አለች፤ ውዱ ሰዓት ነው ብዬ ላጥፋው?)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ውዱ ሰዓት ቡዳ አይደለም፤ ይሰላል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሁለት ሰዓት ብታስኬደው፣ 0.6 ኪሎዋት ከሆነ 72 ሳንቲም ትከፍላለህ። ጣራህ በዚያ ሰዓት 80 ሺህ ቢቲዩ ቢሰጥህ በጋዝ 2 ዶላር ከ50 የሚያወጣ ሙቀት ነው። አስኪደው። ፓምፕህ የድሮው ባለ 1.8 ከሆነ ግን 2 ዶላር ከ16 ነው የሚያወጣህ፤ ትርፉ ላብ ብቻ ነው፣ አጥፋው። ጋዝ ማሞቂያ ከሌለህስ? ያኔ የምታተርፈው ገንዘብ አይደለም፣ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የበለጠ ሙቀት ነው። ለልጆችህ 72 ሳንቲም ታወጣለህ አታወጣም፣ እሱን እኔ አልመልስልህም።

(ሌላ ተሳታፊ፦ በየወሩ ቋሚ ክፍያ ይመጣል ሲባል ሰማን።)

አዎ፣ መብራት አቅራቢዎቹን የሚቆጣጠረው የካሊፎርኒያ ኮሚሽን በሜይ 2024 ያጸደቀው ነው፤ በወር 24 ዶላር ከ15 ሳንቲም፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ያንሳል። በምትኩ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ትንሽ ይወርዳል። ቋሚውን ታይመር አይነካውም። ብዙ ለሚጠቀም፣ ማለት ገንዳ ላለው፣ ብዙም አይከፋም፤ የሚከፋው በአንድ አምፖል ለሚኖር ነው። ፍትሐዊ ነው አልልም።

(አንዲት እናት፦ እኔ ገንዳ የለኝም፣ ምጣድ ነው ያለኝ።)

(ሳቅ) እማማ፣ ለእርስዎም ያው ነው። ግን ታሪፍዎ ኢ-ቲኦዩ-ሲ ከሆነ በክረምት በውዱና በርካሹ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ለዚያ ብለው የገና ዋዜማ እንጀራዎን ሌሊት አይጋግሩ። በበጋ ነው የሚለየው።

(ተሳታፊ፦ ጋሼ ያሉት ሰውዬ ገንዳቸው ሞቀ?)

በሳምንቱ 82 ዲግሪ ፋራናይት ደርሷል። ነገር ግን ከወር በኋላ እንደገና ደወሉልኝ፤ "ተመልሶ ቀዘቀዘ" አሉ። ሄጄ ታይመሩን ሳየው ጥርሶቹ ቦታቸው ናቸው፣ ሰዓቱ ግን አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። በሰፈራቸው መብራት ጠፍቶ ነበር። የድሮው ታይመር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስንት ሰዓት እንዳለፈ አያውቅም። እና ዛሬ ቤት ስትገቡ ሳጥኑን ክፈቱና መደወያውን ከእጅ ሰዓታችሁ ጋር አስተያዩት። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በማርችና በኖቬምበር ሰዓቱ በተቀየረ ቁጥርም እንዲሁ። መደወያው ላይ የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው።